የሚንቀጠቀጠው ኮከቡ ነው ወይስ እግሩ? ስለ ቴሌስኮፕ መቆሚያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመጀመሪያውን ቴሌስኮፔን ውጭ አገር የምትኖር እኅቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ለገጣፎ በሚገኘው ግቢያችን፣ በኅዳር ብርድ፣ ጁፒተር ላይ አነጣጠርኩና ጋቢያቸውን ተከናንበው አጥሩ ሥር የቆሙትን ጎረቤታችንን ጠራኋቸው። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ቀና አሉና «ልጄ፣ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

ሁለቱም አልነበሩም። የሚንቀጠቀጠው እንደ ሸምበቆ የቀጠነው የአሉሚኒየም እግር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቴሌስኮፕ ልግዛ ብሎ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከመስታወቱ በፊት ስለ መቆሚያው አነሳበታለሁ። መቆሚያ ስል መሬት የሚረግጠውን እግርም፣ ቱቦውን ይዞ የሚዞረውን ራስም ማለቴ ነው። በጉዳዩ ላይ የምሰማቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፦ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ የተሰጠውን ምክር እንዳለ ወስደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ባለችው አዲስ አበባ እንተክለዋለን።

«ዋናው ቴሌስኮፑ ነው፤ መቆሚያ የትም ይገኛል»

ጁፒተር ለምድር በሚቀርብበት ወቅት እንኳ በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት የአንድ ዲግሪ 80ኛ ያህል ብቻ ነው። ቴሌስኮፑ 100 ጊዜ ሲያጎላው ከአንድ ዲግሪ ይበልጣል፤ በባዶ ዓይን ከምናያት ጨረቃ በእጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። ደስ ይላል። ነገር ግን ቴሌስኮፕ የሚያጎላው ጁፒተርን ብቻ አይደለም፤ መንቀጥቀጡንም በዚያው ልክ 100 ጊዜ ያጎላዋል። አንድ ሜትር የሚረዝም ቱቦ አንዱ ጫፍ ከሌላው አንጻር በሚሊ ሜትር ሲሦ ዝቅ ቢል፣ ጁፒተር ከራሱ ስፋት በላይ ይዘላል። የሚሊ ሜትር ሲሦ ማለት ጥቂት የወረቀት ገጾች ተደራርበው የሚኖራቸው ውፍረት ነው። ያን ያህል ለማነቃነቅ የሰው ትንፋሽ ባይበቃ የለገጣፎ ንፋስ ይበቃል።

ስለዚህ ሻጩ ፊት ቆማችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ፈተና አለ። ቴሌስኮፑን ራቅ ወዳለ ነገር፣ ለምሳሌ ወደ አንድ የስልክ ማማ ጫፍ አነጣጥሩ። ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጉና ቁጠሩ። ምስሉ በሁለት፣ ቢበዛ በሦስት ሰከንድ ከረጋ መልካም ነው። አምስት ከቆጠራችሁ ግን የምስሉን ጥራት ለማስተካከል ቁልፉን በነካችሁ ቁጥር አምስት ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፤ ያኔም ትክክለኛውን ነጥብ አልፋችሁት ይሆናል። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «ይህን ያህል መቶ ጊዜ ያጎላል» የሚለው ቁጥር ስለዚህ ጉዳይ አንዳች አይነግራችሁም።

ቀጭን እግር ያለው ቴሌስኮፕ ቀድሞውኑ እጃችሁ ከገባ ደግሞ እግሩን አታስረዝሙት። አንድ እግር ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው ግፊት የሚታጠፈው ስምንት እጥፍ ነው። እግሩን አሳጥራችሁ ዱካ ላይ ቁጭ በሉ። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ በጋ ቆሜ ወገቤን ካሳመምኩ በኋላ ነው።

«ኢኳቶሪያል የባለሙያ ነው፤ ሌላው የልጆች መጫወቻ ነው»

ኢኳቶሪያል የሚባለው መቆሚያ ብልሃቱ እውነትም የሚያስደንቅ ነው። ከሁለቱ ዘንጎቹ አንዱ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ እንዲሆን ወደ ሰሜን ኮከብ ይዘነበላል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስትዞር ያን አንድ ዘንግ ብቻ በተቃራኒው በማዞር ኮከቡን መከተል ይቻላል። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የምናየውን ባለ ሚዛን ክብደት ዓይነት የሠራው ጀርመናዊው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ነው፤ በ1824 እ.ኤ.አ. ዶርፓት ለሚባለው ከተማ በሠራው ታላቅ ቴሌስኮፕ ላይ አዋለው። ዶርፓት የዛሬዋ የኢስቶኒያ ከተማ ታርቱ ናት። የምትገኘው 58 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በታርቱ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 58 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይታያል። እኛ ጋ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማሱ ላይ ብታስቀምጡት ጡጫው 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ የሰሜን ኮከብ ከጡጫችሁ ጀርባ ነው ማለት ነው። ለእኔ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይሸፍነዋል። እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ደግሞ ተራራው ራሱ ይጋርደዋል፤ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት ተራራ ለግርጌው ነዋሪ የሰሜን ኮከብ መጋረጃ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ኮከቡ ባይታይ በኮምፓስም ሆነ በሌላ ዘዴ ሰሜንን ማግኘት ይቻላል። የባሰው ችግር ብረቱ ላይ ነው። ዘንጉ 9 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ኢኳቶሪያሎች ግን እስከዚያ ድረስ እንዲወርዱ ታስበው አልተሠሩም። የማዘንበያው ብሎን ከዚያ በፊት ያልቅና አልወርድም ይላል። እንደ ምንም ብታወርዱት እንኳ ሚዛን ጠባቂው ክብደት ሲዞር ከእግሩ ጋር ይጋጫል፤ ሸክሙም ወደ ሰሜን ያጋድላል። አንድ ወዳጄ የሰሜኑን እግር አሳጥሮ መላውን ነገር በማዘንበል ሊያታልለው ሞከረ። አታለለውም። በሦስተኛው ምሽት ግን ቴሌስኮፑ ወደ ጎመኑ መደብ በግንባሩ ተደፋ።

ኢኳቶሪያል አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጭጋግ የሚመስሉትን ኔቡላዎችና ጋላክሲዎች ደቂቃዎች በሚፈጅ ምስል ለማንሳት የሚፈልግ ሰው፣ እስከ 9 ዲግሪ የሚወርድ ጠንካራ ኢኳቶሪያል ፈልጎ ከነሞተሩ ይግዛ፤ ዋጋውንም ይቻለው። ጨረቃን በስልክ ለማንሳት ግን ብርሃኗ ብዙ ስለሆነ የሰከንድ ቅንጣት ይበቃል። በዓይን ማየት ለሚፈልገው ለአብዛኞቻችን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድ መቆሚያ ከበቂ በላይ ነው።

«የእንጨት መቆሚያ የድሃ መላ ነው»

የድሃ መላ መሆኑ እውነት ነው፤ ነውር መሆኑ ነው ሐሰቱ። ጆን ዶብሰን ቤጂንግ ውስጥ በ1915 እ.ኤ.አ. ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ ከሃያ ዓመታት በላይ በአንድ የሂንዱ ገዳም በምናኔ የኖረ ሰው ነበር። ገንዘብ አልነበረውም። መስታወቱን ከአሮጌ መርከቦች የመስኮት መስታወት እየፈጨ ያዘጋጅ ነበር፤ ቱቦው የአርማታ ዓምድ ከሚሞላበት ወፍራም የካርቶን ጥቅል፣ መቆሚያውም ከእንጨት ሣጥን ነበር። ከገዳም ከወጣ በኋላ በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣቶች ጋር ሆኖ በሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ ላይ ለአላፊ አግዳሚው ጨረቃን ማሳየት ጀመረ። ዛሬ ዶብሶኒያን የሚባለው ዝቅ ያለ የእንጨት መቆሚያ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው በእርሱ ስም ነው።

ጥንካሬው የሚመጣው ከቅርጹ ነው። ረጅም እግር የለውም። ክብደቱ መሬት አጠገብ ነው። የሚሽከረከረውም በጥርስና በብሎን ሳይሆን ቴፍሎን በሚባል የማይጣበቅ ለስላሳ ፕላስቲክ ቁራጮች ላይ ነው፤ ቴፍሎን ደግሞ ሲገፉት ይሄዳል፣ ሲተዉት ይቆማል።

የእኔን የሠራልን የሰፈራችን አናጢ ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ የታችኛውን ክብ፣ የላይኛውን ክብና ሁለቱን ጎኖች ቆረጠ። የላይኛውን ክብ የውስጥ ገጽ ፎርማይካ አለበስነው። ቴፍሎኑን ለማግኘት ተጨንቄ ነበር፤ ለካ ቶርኖ ቤቶች ለማሽን ቡሽ የሚቀርጹት እርሱን ኖሯል። አንዱ ቶርኖ ቤት ከመሬቱ የጠረገውን ትራፊ ሦስት ቁራጭ ሰጠኝ፤ ሒሳብ አልተቀበለኝም። ሦስቱን ከታችኛው ሰሌዳ ላይ ስናስቀምጥ እያንዳንዱ ከሥሩ ካለው እግር ትክክል በላይ እንዲውል አደረግን። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ወሳኝ ነው፤ ቁራጩ ከእግሩ ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ሰሌዳው በመካከል ይለመጣል፣ መለመጡም ተመልሶ ንቅናቄ ይሆናል። ቱቦው ወደ ላይና ወደ ታች የሚዞርባቸው ሁለቱ ጆሮዎች ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ክዳኖች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ይህን ባልናገር እመርጣለሁ።

ያው ግን ጉድለት አለው፤ ጉድለቱም እንደ እኛ ባለ አገር ይጎላል። ዶብሶኒያን ትክክል አናት ላይ ያለን ኮከብ ለመከተል ይቸገራል፤ ሩብ ዲግሪ ለመሄድ መቆሚያውን ግማሽ ዙር ማዞር ሊኖርባችሁ ይችላል። እዚህ ደግሞ የኦሪዮን መታጠቂያ የሚባሉት ሦስት ኮከቦች እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላሉ፤ ፕላኔቶችም ብዙ ጊዜ በአናታችን በኩል ያልፋሉ። መፍትሔው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ማየት ነው። ሞተር ስለሌለውም በ100 ጊዜ ማጉላት አንድ ኮከብ በሁለት ደቂቃ ገደማ ከዕይታ ይወጣል፤ በየግማሽ ደቂቃው በጣት ገፋ ማድረግ ነው። ልጆች በአንድ ምሽት ይለምዱታል።

ቀለል ያለ አጭር ቱቦ ያለው ሰው ሌላም አማራጭ አለው፤ የቀያሾች ባለ ሦስት እግር። ለከባድ የመለኪያ መሣሪያ ተብሎ ስለሚሠራ ከካሜራ እግር ጋር አይወዳደርም፤ የእንጨቱ ደግሞ ንዝረትን ዋጥ ያደርገዋል። አሮጌው አንዳንድ ጊዜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይወጣል። ብሎኑ ባለ 5/8 ኢንች ስለሆነ ከቴሌስኮፑ ራስ ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ማስቀረጽ ያስፈልጋል።

«ኮከቡን ራሱ ፈልጎ የሚያሳየው ለጀማሪ ይሻላል»

ባለ ኮምፒውተር መቆሚያ መልካም ነገር ነው፤ መብራት ካለ፣ ባትሪው ከተሞላ፣ በመጀመሪያ ሁለት ደማቅ ኮከቦችን በስማቸው ለይታችሁ ካሳያችሁት። ኮከቦቹን በስም የማያውቅ ጀማሪ ደግሞ እዚያው ላይ ይቆማል። በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጠው ዶብሶኒያን አንጻር መስታወቱም ያነሰ ነው፤ ገንዘቡ ወደ ሞተሩ ሄዷልና።

የእኛ አገር የራሱ ወጥመድም አለ። ማሽኑ ሰዓትና ቀን ይጠይቃል። አንድ ዘመዴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 2፡00 ብሎ፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አስገባለት። ቴሌስኮፑ ጉር ጉር እያለ ዞረና አፍንጫውን ወደ ሣሩ ደፋ። ለማሽኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት 20፡00 ነው፤ ቀኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የሰዓት ክልሉ ሲደመር 3።

«ከባድ ከሆነ ጠንካራ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ወፍራም የብረት እግር ላይ የላላ ራስ ከተቀመጠ ክብደቱ ለተሸካሚው ድካም ብቻ ነው። ራሱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ተዉት። አንዳንዱ ላላነቱን በወፍራም ግራሶ ይሸፍናል፤ ሱቅ ውስጥ ለስላሳ የነበረው በታኅሣሥ ሌሊት እንደ ሙጫ ይይዛል። «10 ኪሎ ይሸከማል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ስድስት ወይም ሰባት ብላችሁ አንብቡት። ቱቦው ረጅም ከሆነ ከዚያም ቀንሱ።

«ድንጋይ ካንጠለጠሉበት ይረጋል»

ድንጋይ እግሩ እንዳይገለበጥ ይረዳል። የላላ ብሎን ግን አያጠብቅም። ድንጋዩ በንፋስ ከተወዛወዘ ደግሞ ሌላ ችግር ጨመራችሁ።

«ጣሪያ ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ይሻላል»

ቀን ፀሐይ የጠጣ ቆርቆሮም ሆነ ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙቀቱን ሲተፋ ያድራል፤ ከላዩ የሚነሣው አየር ምስሉን እንደ ፈላ ውኃ ያውከዋል። መቆሚያው ድንጋይ ቢሆን እንኳ ይህን አያድንም። የፎቅ በረንዳ ላይ ደግሞ ከቤት ውስጥ የሚራመድ ሰው ሁሉ ጁፒተር ላይ ይራመዳል። ሣር ይሻላል። ብቻ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ የእኛ አካባቢ ጥቁር አፈር ገና ለስላሳ ስለሆነ እግሩ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። እኔ ከቤት ሥራ የተረፉ ሦስት የወለል ሴራሚክ ቁራጮችን ከእግሮቹ ሥር አስቀምጣለሁ። እዚያው ሣሩ ውስጥ ትቻቸው እገባለሁ፤ ልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ ሊጫወቱባቸው ካላነሷቸው በስተቀር በማግሥቱም ቦታቸው ላይ አገኛቸዋለሁ።