ግብረ ገብ በዞምቢ ዘመን

ሙታን ከመቃብር ተነሥተው ሕያዋንን ቢያሳድዱ፣ መንግሥት ቢፈርስ፣ ገበያና ፍርድ ቤት ቢዘጋ፣ ሰው ለሰው ካለበት ግዴታ ምን ይተርፋል? እንዲህ ያለው ሙት በፊልም ዞምቢ ይባላል፤ የነከሰውም ሰው ዞምቢ ይሆናል። ጥያቄው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ለዞምቢ ወረራ መዘጋጃ መመሪያ አውጥቷል። ዓላማው በፌዝ አዋዝቶ ሕዝቡ ለማዕበልና ለወረርሽኝ ውሃ፣ መድኃኒትና ደረቅ ምግብ እንዲያስቀምጥ ማባበል ነበር። አንባቢው ከመጠን በላይ ጎርፎ ድረ ገጹን አጨናነቀው። የተነከሰ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ ይከፈትለት እንደሆነ ግን መመሪያው አልነካውም፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው። ዞምቢ ባይኖርም ጥያቄዎቹ በእውነተኛ ሰዎች ላይ ደርሰዋልና መልሱን ከእነርሱ መፈለግ ይሻላል። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዞምቢ የሄይቲ ልጅ ነው። አገሪቱ በፈረንሳይ ሥር ሳለች ከአፍሪካ የተጋዙ ባሮች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ እየሠሩ ያልቁ ነበር፤ ነፃነቷን ያወጀችው በ1804 ነው። በሄይቲ እምነት ዞምቢ ሰው በላ አይደለም። ነፍሱን ተነጥቆ ሥጋው ብቻ ለሌላው እንዲለፋ የቀረ ምስኪን ነው። ስለዚህ የሚፈራው ዞምቢው ሳይሆን ዞምቢ መሆን ነው፤ ባርነት ከሞት በኋላም እንዳይቀጥል። የአገሪቱ የቆየ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በአንቀጽ 246 ሰውን ሳይሞት እንደ ሞተ የሚያደነዝዝ ነገር መስጠትን መርዝ እንደ ማብላት ይቆጥረዋል፤ ሰውየው ከተቀበረ ደግሞ፣ በኋላ የደረሰው ምንም ይሁን ምን፣ ድርጊቱ ግድያ ነው። ሥጋ የሚበላውና በንክሻ የሚዛመተው ዞምቢ የመጣው በ1968 ከታየ አንድ የአሜሪካ ፊልም ወዲህ ነው። በዚህ ዝውውር የተበደለው በዳይ ሆነ፤ ሊታዘንለት የሚገባው ጭንቅላቱ ላይ የሚተኮስበት ሆነ። ይህ መገለባበጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀድሞ የሚናጋው ለሙታን ያለን ግዴታ ነው። አስከሬን ማጠብ፣ መገነዝ፣ አልቅሶ መቅበር ከሕግ በፊት የነበረ ሥርዓት ነው፤ በአገራችን «ቀባሪ አያሳጣህ» ምርቃት ነው። በ430 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አቴንስ በወረርሽኝ ስትመታ፣ ቱሲዳይደስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደ መዘገበው፣ ሰዎች የራሳቸውን ሬሳ ለሌላው በተከመረ እንጨት ላይ ጥለው ይሄዱ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜም እስከ 10 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይነገራል፤ ቀባሪው ራሱ ታሞ ነበርና ብዙ ሬሳ ያለ ወጉ በአንድ ጉድጓድ ገብቷል። ከተማው ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠለ ይታጠናል፤ ጭሱ ዓይን የሚያቃጥላቸው ልጆች ምክንያቱን ቢያውቁትም ባያውቁትም።

ከዞምቢ ታሪክ ጋር በጣም የሚቀራረበው ግን ከ2014 እስከ 2016 በምዕራብ አፍሪካ ከ11 ሺህ ሰው በላይ የገደለው ኢቦላ ነው። የኢቦላ ሬሳ ከሕመምተኛው ይልቅ የሚያስተላልፍበት ጊዜ አለ፤ እናቱን ያጠበ ልጅ በእናቱ ሬሳ ይሞታል። ሙት ሕያውን ገደለ ማለት ይኸው ነው። የላይቤሪያ መንግሥት በሞንሮቪያ ሬሳ ሁሉ እንዲቃጠል በ2014 አዘዘ። ማቃጠል በአገሩ ወግ ነውር ስለሆነ ቤተሰቦች ሕመምተኛቸውን መደበቅና በሌሊት መቅበር ጀመሩ፤ በሽታውም በዚያው ተዛመተ። ሰውን ከሬሳው ለመጠበቅ የወጣው ትእዛዝ ሬሳውን ወደ ጓዳ መለሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተማክሮ በዚያው ዓመት ያወጣው ሥርዓት የተለየ ነበር፦ ቤተሰብ በርቀት ቆሞ ያያል፣ ቄሱ ወይም ኢማሙ ይጸልያል፣ ሟቹ በሚገባው ይሸፈናል፣ መቃብሩ ይታወቃል። እጅ ከሬሳው ተነሣ፤ ክብሩ ግን ቀረ። በእኔ ግምት ስለ ዞምቢ ዘመን ግብረ ገብ ከተጻፈው ልብ ወለድ ሁሉ ይህ የቀብር መመሪያ የበለጠ ያስተምራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የተነከሰው ሰው ነው፦ ገና ሰው ነው፣ ነገ ግን ላይሆን ይችላል። በልብ ወለዱ ወዳጆቹ ቀድመው ይተኩሱበታል። በ1665 ወረርሽኝ የገባባት ኢም የተባለች የእንግሊዝ መንደር ሌላ መንገድ መርጣለች። ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን ነዋሪዎቹን አሳምኖ መንደሯን በራሷ ላይ ዘጋ፤ ጎረቤት መንደሮች ምግብ በድንበር ላይ ያስቀምጡላቸዋል፣ እነርሱ ገንዘቡን በሆምጣጤ ነክረው ይተዋሉ። ወደ 260 የሚሆን ሰው ሞተ፤ የቄሱ ሚስትም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በ2014 በሞንሮቪያ ዌስት ፖይንት የተባለው ሰፈር ደግሞ በወታደር ታጠረ፤ ወታደሮች ተኩሰው አንድ ልጅ ሞተ፣ አጥሩም በቀናት ውስጥ ተነሣ። የሁለቱም ድርጊት ስሙ አንድ ነው፣ ለይቶ ማቆየት። ልዩነቱ በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ነው።

ፊልሞቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ያለ ክርክር የሚቀበሉት ሌላ ሐሳብ አለ፤ መንግሥት ሲወድቅ ሰው ሁሉ በሰው ላይ ይነሣል የሚለው። ሐሳቡ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የጻፈው የፈላስፋው የቶማስ ሆብስ ነው። ኤንሪኮ ኳራንቴሊ የተባለ የሥነ ኅብረተሰብ ምሁርና ባልደረቦቹ ግን ከ1963 ጀምሮ የአደጋ ጥናት ማዕከል አቋቁመው ብዙ አደጋዎችን ሲያጠኑ ያገኙት ሌላ ነው፦ ጅምላ ድንጋጤ ብርቅ ነው፤ ከፍርስራሽ ሰው ቀድሞ የሚያወጣው ጎረቤት ነው። በ2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ኒው ኦርሊንስን ባጥለቀለቀ ጊዜ ስለ ዝርፊያና ግድያ የተወራው አብዛኛው የተጋነነ ነበር። ወሬውን ያመነ የታጠቀ ሰው ግን እውነተኛ አደጋ ሆነ። ማዕበሉ በገባ በስድስተኛው ቀን ፖሊሶች በዳንዚገር ድልድይ ላይ ባልታጠቁ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፤ የቀድሞዎቹ ፖሊሶች ጥፋታቸውን አምነው የተቀጡት በ2016 ነው። በዞምቢ ዘመንም ከዞምቢው ይልቅ «ሁሉም ዞምቢ ሆኗል» ብሎ ያመነውን መፍራት ይበጃል።

የረኃብ ነገር ከዚህ ይለያል፤ እዚህ ላይ ሆብስን ማቃለል አይቻልም። ሌኒንግራድ ከ1941 እስከ 1944 ለ872 ቀናት ስትከበብ የብዙው ነዋሪ የቀን ዳቦ 125 ግራም ደርሶ ነበር። ሰው በመብላት የታሰሩት ከ2,000 በላይ ናቸው። ፖሊስ በመዝገቡ ላይ ሬሳ የበላውንና ለመብላት የገደለውን በሁለት የተለያዩ ቃላት ይለያቸው ነበር፤ ሲኦል ውስጥም ድንበር ተሰምሯል። በዚያችው ከተማ የእጽዋት ተቋም ሳይንቲስቶች በሩዝ፣ በኦቾሎኒና በስንዴ ዘር ተከበው በረኃብ ሞተዋል፤ ዘሩን አልነኩትም። ስብስቡን ያቋቋመው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ ስንዴና ገብስ ሰብስቦ ሄዷል፤ ስለዚህ ከተጠበቀው ዘር ውስጥ የእኛ ገበሬዎች ዘርም ነበረበት። እርሱ ራሱ በ1943 በስታሊን እስር ቤት በምግብ እጦት ሞተ።

በ1972 አውሮፕላናቸው በአንዲስ ተራሮች ላይ የወደቀባቸው 16 ኡራጓያውያን የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ በልተው ከ72 ቀን በኋላ ተርፈዋል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም አላወገዘቻቸውም። ሕጉ የጠነከረው መግደል ላይ ነው። በ1884 ሚኞኔት የተባለች ጀልባ ሰጥማ አራት እንግሊዛውያን ያለ ውሃ በትንሽ ታንኳ ላይ ቀሩ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለቱ፣ የባሕር ውሃ ጠጥቶ የታመመውን የ17 ዓመት ልጅ ሪቻርድ ፓርከርን አርደው ሥጋውን ተካፈሉ፤ ከቀናት በኋላ የጀርመን መርከብ አገኛቸው። ታንኳይቱ ውስጥ የሆነውን አልደበቁም፤ ጥፋት የሚባል አልመሰላቸውም። ሕዝቡ አዘነላቸው፣ የሟቹ ወንድም እንኳ ገዳዩን እጁን ጨበጠው። ፍርድ ቤቱ ግን ችግር ግድያን አያጸድቅም ብሎ ሞት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ኋላ ወደ ስድስት ወር እስር ዝቅ ተደረገ። በሳውዝሃምፕተን አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ለልጁ የቆመው ድንጋይ ከስሙ በታች ከሐዋርያት ሥራ የተወሰደ ቃል አለበት፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው።»