የኬሚካል ደኅንነትና የክትትል መረጃ በወሎ

የኬሚካል ክትትል መረጃ የሚባለው የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የወንዝ፣ የመጠጥ ውኃና የአፈር ምርመራ ውጤት፣ የተመዘገቡ ፀረ ተባዮች ዝርዝር፣ የአደገኛ ቆሻሻ መዝገብ፣ እንዲሁም ለፕሮጀክቶች የሚዘጋጅ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ሁሉ በአንድ መዝገብ አጠራቅሞ የያዘ ቢሮ የለም። የፀረ ተባዩ ጉዳይ ግብርና ዘንድ ነው፤ የመጠጥ ውኃው ጤናና ውኃ ቢሮ፣ የፍሳሹ አካባቢ ጥበቃ፣ የወንዙ ደግሞ የተፋሰስ አስተዳደር ዘንድ ነው። ሰው ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ስለተከለከለ ሳይሆን የሚፈልገው ወረቀት ሌላ ቤት ስለሆነ ነው።

የአገሩ አቀማመጥም ነገሩን ያከብደዋል። የላስታ ተራሮች ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል። በሽሎ የደቡብ ወሎን ምዕራብ ጠርጎ ዓባይ ይገባል። የቆቦ ሜዳ ጎርፍ ወደ አፋር ቆላ ይሄዳል፤ የደሴና የኮምቦልቻው ቦርከና ደግሞ የአዋሽ ገባር ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ወንዝ የሚጠይቅ ሰው ወረዳውን ብቻ ሳይሆን ተፋሰሱንም መጥቀስ አለበት።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የቆዳና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሏት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። በከተማዋ የሚያልፉት ለዮሌና ወርቃ ወንዞች ቦርከና ይገባሉ። ቦርከና በካሉ ወረዳ የመስኖ ማሳዎች አጠገብ አልፎ፣ በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረግ አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጨፋ ላይ በበጋ የአካባቢው አርሶ አደር ከብት ብቻ ሳይሆን ከአፋር የሚመጣውም ይሰማራል። በነዚህ ወንዞች ውኃና ደለል ውስጥ ክሮሚየምን ጨምሮ የከባድ ብረቶችን መጠን የለኩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ታትመዋል፤ ለዮሌ ላይ የተገኘው ክሮሚየም ከቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ጥናቶች የታተሙት በእንግሊዝኛ የምርምር መጽሔቶች ላይ ነው። በወንዙ ሽንኩርት የሚያጠጣው አርሶ አደር በአማርኛ የሚያነበው አንድ ገጽ ሊደርሰው ይገባ ነበር።

የመጠየቅ መብቱ በሕግ የቆመ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን፣ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣሉ። ዝርዝሩ በመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ሲወጣ የመረጃ ነፃነቱ ክፍል ሳይሻር ቀርቷል። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ፍሳሽ እየተከታተሉ መዝገብ እንዲይዙ ያስገድዳል። የመረጃ አዋጁ የሚሠራው በመንግሥት አካላት ላይ ስለሆነ፣ የፋብሪካን ውጤት የሚፈልግ ሰው ፋብሪካው በር ላይ ከመቆም ይልቅ ተቆጣጣሪውን ቢሮ መጠየቅ ይሻለዋል።

«የንግድ ምስጢር ነው» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። የአመራረት ቀመር ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ወንዝ ውስጥ የገባ ክሮሚየም ግን የማንም ቀመር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ያጸደቀችው የስቶክሆልም ስምምነት እንደ ዲዲቲ ያሉ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን በሚመለከት የሰውን ጤናና የአካባቢን ደኅንነት የሚነካ መረጃ እንደ ምስጢር እንደማይቆጠር በአንቀጽ 9 ላይ በግልጽ አስፍሯል።

ማመልከቻው የሚገባው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። «ስለ ብክለት መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ የሚያስገኘው ቢበዛ የስብሰባ ሪፖርት ነው። የሚሠራው ጥያቄ እንዲህ ይጻፋል፦ «ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከለዮሌ ወንዝ የተወሰዱ የውኃ ናሙናዎች የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀትና የናሙና መውሰጃ ቅጽ ግልባጭ»። ወንዙ፣ ጊዜውና የሰነዱ ዓይነት መጠቀስ አለባቸው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቀንና ቁጥር ይመታበት፤ አንዱ ግልባጭ በአመልካቹ እጅ ይቅር። መልስ የመስጫው 30 ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ በቃል የቀረበና ያልተመዘገበ ጥያቄ መነሻ ቀን የለውም። ክልከላው ከነምክንያቱ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ቅሬታ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ላይ ስለነበሩ ከዚያ በፊት የነበረ ፋይል ከታች ቢሮ ካልተገኘ፣ ወደ ክልሉ ወይም ወደ ፌዴራል የተላከ ግልባጭ እንዳለ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ መጠየቅ ያዋጣል።

ከመረጃ አልፎ ብክለቱ እንዲቆም የሚፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃው አካል አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት ይችላል። ይህች 60 ቀን ሳታውቃት ታልፋለች፤ ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲሰጥ እየቆጠሩ መሄድ ያስፈልጋል።

ወረቀቱ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ ንባቡ ነው፤ ትልቁ ስሕተትም እዚህ ላይ ይፈጠራል። «ከደረጃው በታች ነው» የሚለው ቃል የትኛው ደረጃ እንደሆነ ካልተነገረ ምንም አይነግርም። ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 2 ሚሊግራም ነው። ለመስኖ ውኃ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክረው 0.1 ሚሊግራም፣ ለመጠጥ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀምጠው 0.05 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ ሕግ ያከበረ ፍሳሽ እንኳ ለመጠጥ ከሚፈቀደው 40 እጥፍ ክሮሚየም ሊይዝ ይችላል። ወንዙ ብዙ ውኃ ሲይዝ ክሮሚየሙን ያቀጥነዋል፤ በበጋ የለዮሌ ውኃ ሲያንስ ግን የሚያቀጥነው የለም። የነሐሴ ናሙናና የጥር ናሙና የሚለያዩትም ለዚህ ነው። በበልግ ወይም በክረምት ብቻ ናሙና የተወሰደበት ሪፖርት የወንዙን ደግ ወቅት እንጂ ክፉውን አያሳይም።

በአንድ ሊትር ያለው መጠንም ብቻውን አይበቃም። በሊትር 2 ሚሊግራም ክሮሚየም የያዘ ፍሳሽ በቀን 500 ሜትር ኩብ ቢለቀቅ በቀን 1 ኪሎ ክሮሚየም ማለት ነው። ያ ክሮሚየም አብዛኛው ደለል ላይ ይቀመጣል፤ ውኃው ንጹሕ እየመሰለ ጭቃው ላይ ይከማቻል፣ ጎርፍ ሲመጣም ተቀስቅሶ ማሳ ላይ ይወጣል። የደለል ምርመራ የሌለው ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው። የክሮሚየሙ ዓይነትም ይለያያል፦ ቆዳ የሚለፋበት ባለ ሦስቱ (ክሮሚየም III) ነው፤ ካንሰር አምጪነቱ የታወቀው ባለ ስድስቱ (ክሮሚየም VI) ነው።

«አልተገኘም» የሚለው ውጤት ሌላው ወጥመድ ነው። የላቦራቶሪው መሣሪያ ከ0.1 ሚሊግራም በታች ማየት የማይችል ከሆነ፣ «አልተገኘም» ቢልም ውኃው ከ0.05 በታች ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ መሣሪያው የሚያየው ዝቅተኛ መጠን ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ፒኤች (የአሲድነት ልክ)፣ ሙቀት፣ የሟሟ ኦክስጅንና የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ያሳያል፤ ክሮሚየምን ግን አያይም። የናሙና አያያዙም ውጤቱን ይለውጣል። ለብረት ምርመራ የሚወሰድ ውኃ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹ ከ2 በታች ካልወረደ ብረቱ ዕቃው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ውጤቱ ያንሳል። የኦክስጅን ፍላጎት ምርመራ የሚደረግበት ናሙና ደግሞ በቅዝቃዜ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የናሙና መውሰጃ ቅጹን አብሮ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቦታው ከመልቀቂያው በላይ ይሁን በታች፣ ሰዓቱ ቀን ይሁን ሌሊት የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ፀረ ተባይን በሚመለከት የክትትሉ መሠረት አዋጅ ቁጥር 674/2002 ነው። ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ አይፈቀድም፤ የተመዘገቡት ዝርዝርም የንጥረ ነገሩን ስምና የተፈቀደለትን ሰብልና ተባይ ይዞ ይወጣል። ለገበሬው ዋናው መረጃ ያ ነው፤ ለሽንኩርት የተፈቀደ ሁሉ ለጫት አልተፈቀደምና። ገበያ ላይ ግን ዝርዝሩ የሚሰበረው በችርቻሮ ነው። ከአንድ ሊትር ጠርሙስ ወደ ሃይላንድ ተገልብጦ ሲሸጥ ስሙም፣ የምዝገባ ቁጥሩም፣ የአደጋ ደረጃውን የሚያሳየው ቀለምም፣ ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀው ቀንም ይጠፋል። ቀዩ ቀለም ከሁሉ የከፋው፣ ቢጫው የሚከተለው፣ ሰማያዊው ከዚያ የሚያንሰው፣ አረንጓዴው ዝቅተኛው ነው። በየቤቱ ሁሉም «መድኃኒት» ስለሚባል ይህ ልዩነት በአፍ አይተላለፍም።

የእህል ተባይ ማጥፊያው ፎስቶክሲን ጉዳቱ ለብቻው መነገር አለበት። አንዱ 3 ግራም እንክብል እርጥበት ሲያገኝ 1 ግራም ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ጎተራ ውስጥ መጨመር የቤተሰቡን ሕይወት ያስከፍላል። ይህ ጋዝ ማርከሻ የለውም። ማላታይን በተባለው ፀረ ተባይ የተመረዘ ሰው ግን አትሮፒን የተባለው ማርከሻ ይደርስለታል። የጤና ጣቢያው ባለሙያ የትኛውን እንደሚያክም የሚያውቀው ስሙን ሲያይ ነውና፣ በሽተኛውን የሚያደርሰው ሰው ጠርሙሱን ወይም ካርቶኑን ከነጽሑፉ ይዞ ይሂድ።