የትራፊክ መዘግየት ሲባል ከምን አንጻር ነው?

«የዚህ አገር መንገድ ከዚያኛው ያነሰ መዘግየት አለው» የሚል ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ የዘገየው ከምን አንጻር ነው?

መዘግየት ብቻውን አይለካም፣ መነሻ ፍጥነት ይፈልጋል። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 60 ስለሆነ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ግን መንገዱ ጭር በሚልበት ሌሊት እንኳ መኪኖች የሚሄዱት በ50 ነው እንበል፣ ማለትም 12 ደቂቃ። ዛሬ 15 ደቂቃ ፈጀ። በመጀመሪያው ስሌት መዘግየቱ 5 ደቂቃ፣ በሁለተኛው 3 ነው። መንገዱ ያው፣ ጉዞውም ያው!

እንግሊዝ ለአገር አቀፍ አውራ ጎዳናዎቿ የተፈቀደውን ፍጥነት ይዛ አንድ መኪና በአንድ ማይል ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይ ታሰላለች። የመኪና መንገድ ጠቋሚና የትራፊክ መረጃ ኩባንያው ቶምቶም ደግሞ ከተሞችን ሲያወዳድር መነሻው መንገዱ ክፍት ሲሆን ያለው ፍጥነት ነው፣ ውጤቱንም በመቶኛ ያወጣል። አውቶባን በሚባሉት የጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ላይማ ነገሩ ይብሳል። ብዙው ክፍል የፍጥነት ገደብ የለውም (130 የሚባለው ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም)፣ ታዲያ ከምን ልትቀንሱ ነው?

በአንድ ማይል የተሰላውን የሰከንድ መዘግየት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር መቀየር ቀላል ነው፣ ሰከንዱን በ1.609 ማካፈል ብቻ። የመነሻ ልዩነት ግን በማካፈል አይስተካከልም፣ ስለዚህ መነሻው ያልተጻፈበትን ሰንጠረዥ እኔ በበኩሌ አላምነውም።