ከግሪድ ጋር መገናኘት ምንድን ነው?

ጅማ ላይ አንድ የቡና መፈልፈያ ባለቤት ጣሪያው ላይ ሶላር ሊሰቅል አስቧል እንበል። የቡና ሥራ ወቅት አለው። ፀሐይ ግን ማሽኑ ሲቆምም ትወጣለች። ሰውየው የተረፈውን ኃይል ወደ መብራት ኃይል መስመር ልልቀቅ ካለ፣ ከግሪድ ጋር መገናኘት የሚባለው ይኸው ነው፤ አዲስ የኃይል ምንጭ አገር ከሚጋራው መስመር ጋር አብሮ እንዲሠራ ማድረግ።

ሽቦ መቀጠል ብቻ አይበቃም። በእኛ መስመር ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አዲስ ገቢውም ጭብጨባ መሃል እንደሚገባ ሰው ምቱን ጠብቆ መግባት አለበት። ቮልቴጁም መግጠም አለበት። ጄኔሬተር ሳይገጥም ከገባ ራሱን ሊሰብር ይችላል። ሶላር ላይ ይህን የሚያስተካክለው ኢንቨርተሩ ነው፤ የፓኔሉን ኤሌክትሪክ መስመሩ ወደሚቀበለው ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ።

አሁን ዋናው ነገር። መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩም ወዲያው መቆም አለበት። «ሶላር እያለኝ ለምን እጨልማለሁ?» የሚል ብዙ ነው። ምክንያቱ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ ነው። ትራንስፎርመር ወደ ኋላም ይሠራል፤ ከታች 380 ቮልት ከገባበት ከላይ 15 ሺህ ቮልት ሊያወጣ ይችላል። ተዘግቷል የተባለ መስመር ላይ ይህ ከመጣ ሰው ይሞታል። ሲጠፋም መሥራት የፈለገ ባትሪና ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ መቀያየሪያ ያስገባ። በዚህ ቁጠባ የለም!

«ግልገል ጊቤ አጠገባችን እያለ መብራት ለምን ይሄዳል?» የሚለው የጅማ ሰው ጥያቄም እዚሁ ይመለሳል። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ 184 ሜጋ ዋት በቀጥታ ወደ ሰፈራችን አይመጣም። በከፍተኛ መስመር ወደ አገሩ ግሪድ ይገባል፤ ከዚያ በማከፋፈያ ጣቢያ በኩል ይወርድልናል። ግድቡ እየሠራ የሰፈሩ ሽቦ ላይ ዛፍ ቢወድቅ ያው ጨለማ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠናው የሰፈሩ መስመር አቅም ነው። ገመዱ ቀጭን፣ ትራንስፎርመሩ ሩቅ ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ከሶላሩ የሚገባው ኃይል የጎረቤትን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

ማንን ልጠይቅ ካሉ፣ የሚያመነጨውና በከፍተኛ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለደንበኛ የሚያከፋፍለው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የጣሪያ ሶላር ጉዳይ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ፓኔል ሳይገዙ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ መስመሩ ስንት ኪሎ ዋት ይችላል? ወደ መስመሩ የምለቀውስ ይታሰብልኛል ወይ?