ሳቁ ማን ላይ ነው? በደሴና በኮምቦልቻ ስለ ኮሜዲ ቴአትር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ላይ ስለ ጉቦ፣ ስለ አድልዎ፣ ሰው ሰውን ስለ መናቁ ኮሜዲ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ቡድን ገና አንድ ገጽ ሳይጽፍ ምክር ይዘንብበታል። ከምክሩ አብዛኛው ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም መድረክ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

«ኮሜዲ ቁም ነገር ያቀላል»

በአማርኛ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ራሱ ኮሜዲ ነበር፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»። በአውሬዎች አስመስሎ የዘመኑን ሹማምንት ስለነካ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የማይከብድ ነገር አይታገድም። መንግሥቱ ለማም በ1950ዎቹ የመደብ ልዩነትን ሊያሳይ ሲነሣ የመረጠው ኮሜዲን ነው፤ «ያላቻ ጋብቻ»ን።

«ወሎ ፍቅር ነው፤ እዚህ ምን ክፍፍል አለ?»

ፍቅሩ እውነት ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቅሬ (የወሎ ዕድር) ይቀባበራል፣ ለሠርግ የሁለቱም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ደሴ የምትኮራበት የንጉሥ ሚካኤል ግብር ቤትም አይጠየፍ ይባላል። ችግሩ ይህ መልስ ጥያቄውን መዝጋቱ ነው። ክፍፍል ሲባል ሃይማኖት ላይ ብቻ የሚያፈጥ ደራሲ ሌላው ያመልጠዋል። የቀጥቃጭ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ለጋብቻ ስትታሰብ ዘመድ ተሰብስቦ ምን ይላል? ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ቤት ሊከራይ ሲጠይቅ «አሁን ተያዘ» የሚባለው ለምንድን ነው? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ልትሠራ ከገጠር የመጣች ልጅ የማታ ፈረቃ ጨርሳ ስትመለስ በሩ የሚቆለፍባት በማን ውሳኔ ነው? ከእነዚህ አንዱ ብቻ ለአንድ ተውኔት ይበቃል።

ሁለቱን ሥጋ ግን አትሳቁበት፤ ሥርዓቱ የመከባበር ነው። ሥጋውን ሰበብ አድርጎ ጎረቤቱን ከሠርግ የሚያስቀር ሰው ግን ጥሩ የኮሜዲ ገፀ ባሕርይ ይወጣዋል።

«ገጠሬ ካለበት ሳቅ አይጠፋም»

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። አንዲት እናት ከደሴ አጠገብ ካለው ከኩታበር መጥታ መታወቂያ ልታሳድስ ቀበሌ ትገባለች። ተዋናይዋ ነጠላዋን አጣማ፣ በሩ ላይ ተደናቅፋ፣ ዘዬውን አጋንና ትናገራለች። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። የቀበሌው ጸሐፊ ግን አልተነካም፤ እሱ ሲያጉላላት የሳቅነው በተጉላላችው ነው። ኋላ የቆሙት የገበያ ሰዎችም ነገሩ ገብቷቸው አንድ በአንድ ይሄዳሉ።

ማስተካከያው ግነቱን ከእናትየው ላይ አንሥቶ ለጸሐፊው መስጠት ነው። እሷ በተለመደው የወሎ አማርኛ ረጋ ብላ ትናገር። የእሱ መሣሪያ ማኅተሙ፣ መሳቢያውና የሻይ ብርጭቆው ይሁን። ማኅተሙን ቀለም ያስነካል፣ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ እጁን ያነሣል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ማኅተሙን ያስቀምጣል። ይህ ሦስት ጊዜ ይደገም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያጥር፣ በሦስተኛው ስልኩ ሳይጮኽ እጁ በራሱ ይቁም። አራተኛ አትጨምሩ፤ ተመልካቹ ቀድሟችሁ ያውቀዋልና ሳቁ ይሞታል።

ምላሾቹንም ከቢሮ እንዳሉ ውሰዱ፦ «ሲስተም የለም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ፋይልሽ አልተገኘም»። እዚህ ላይ ከማንኛውም ቀልድ በላይ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ጸሐፊው እናትየውን «አንቺ፣ ነገ ተመለሽ» እያለ ሳለ ኮት የለበሰ ጎልማሳ ይገባል፤ ጸሐፊው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይላል። ሰውየው ከእናትየው በዕድሜ ልጇ የሚሆን ተዋናይ ይሁን። ማንም ስለ አድልዎ አንድ ቃል ሳይናገር ተመልካቹ ሁሉንም ያየዋል፤ የወሎ ሰው አንቱታን ያውቃልና። ከዚያ እናትየው በእርጋታ «ልጄ፣ መታወቂያ ለማሳደስ የነዋሪነት ማስረጃ፣ ማስረጃውን ለማውጣት ደግሞ የታደሰ መታወቂያ አምጪ ነው የምትለኝ?» ትበል። ትዕይንቱ በሙሉ ከአራት ደቂቃ አይለፍ።

«ስም ካልጠራን ፈሪዎች ነን»

ስም ስትጠሩ ወሬው ስለ ሰውየው ይሆናል። ወዳጆቹ ሊከላከሉለት ይነሣሉ፣ ሌላው ጉቦ ተቀባይ ደግሞ እኔን አይደለም ብሎ ዘና ብሎ ይስቃል። «ኃላፊው» ብላችሁ ከብዙ ሰው የለቀማችሁትን ጠባይ አንድ ላይ ብታደርጉት ሁሉም ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። ስለ ሕጉም ቡድኑ ይወቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ መብት ይሰጣል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ኪነ ጥበባዊ ሥራን በልዩ ሁኔታ ያየዋል፤ ይህ ግን አንድን ብሔር ወይም የእምነት ተከታይ እንደ ጠላት ለሚስል ቀልድ መሸሸጊያ አይሆንም። ሕጉ ባይኖርም እንዲህ ያለ ቀልድ ከድርሰቱ መውጣት አለበት፤ ደሴም ኮምቦልቻም ጦርነት ምን እንዳስከተለ በ2014 አይተዋል።

«ከሳቁ ተሳክቷል»

የሳቁን መጠን ሳይሆን ምንጩን ቁጠሩ። ከቡድኑ አንድ ሰው ድርሰቱን ይዞ በጎን ይቀመጥና በየመስመሩ ማን እንደ ሳቀ ይጻፍ፦ ሴቶቹ፣ ወጣቶቹ፣ ከኋላ የቆሙት፣ የክብር እንግዶቹ። ኃላፊ የተቀመጠበትን የፊት ወንበር ሰው ሁሉ ስለሚያየው፣ እሱ እስኪስቅ አዳራሹ ይጠብቃል። እንግዶችን ከመሐል ሳይሆን ከጎን አስቀምጡ፤ ብዙ ይለውጣል።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ሳቁ ከፍ ብሎ በግማሽ መውረድ ሲጀምር ነው ቀጣዩን ቃለ ተውኔት መናገር። ቶሎ ከተናገራችሁ ቃሉ ይጠፋል፣ ጸጥ እስኪል ከጠበቃችሁ ደግሞ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል።

ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ከተለያየ ሠፈርና እምነት ስምንት ወይም አሥር ሰው ጠርታችሁ አሳዩ፤ የቅሬ ሽማግሌ፣ ተከራይ፣ ነጋዴ፣ ተማሪ ይኑርበት። «ወደዳችሁት?» አትበሉ፤ ይሉኝታ ስላለ ሁሉም አዎ ይላል። «ማን ላይ ሳቃችሁ?» በሉ። መልሱ «በእናትየው» ከሆነ ወደ ልምምድ ተመለሱ።

«መጨረሻው ላይ ምክር መኖር አለበት»

ለሃያ ደቂቃ የሳቀ ሰው አንድ ተዋናይ ወደ ፊት ወጥቶ «ስለዚህ ሁላችንም ጉቦን እንዋጋ» ሲል ጫማውን ማሰር ይጀምራል። ከምክር የሚሻል መንገድ አለ፤ ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦኣል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፋው የፎረም ቴአትር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ተውኔት ይታያል፤ ተበዳይዋ ተሸንፋ ያበቃል። ከዚያ አስተባባሪው ተውኔቱ ከመጀመሪያው እንደሚደገም ያስታውቃል፤ ተመልካች ሆኖ «እዚህ ላይ ሌላ ነገር ማድረግ ትችል ነበር» የሚል ሰው «ቁም!» ብሎ ገብቶ የተበዳይዋን ቦታ ይይዛል። ሌሎቹ ተዋንያን በየሚናቸው ይቆያሉ። ጸሐፊው ቶሎ እጅ አይስጥ፣ ሊቋቋሙት የማይቻልም አይሁን።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ተመልካቹ በጸሐፊው ቦታ ገብቶ ደግ ጸሐፊ ይሆናል፤ ይህ አይፈቀድም፣ በዳይ ነገ ጠዋት በራሱ ደግ ሆኖ አይነሣምና። ሁለተኛ፣ «አጎቴ ሚኒስትር ነው» ዓይነት ተአምር ይመጣል። አስተባባሪው ሰውየውን ሳያሳፍር ተመልካቹን «ይህ ሰኞ ቀበሌ ላይ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛውና የሚያሳስበው፣ ሴቶች አይወጡም። ለእነሱ ከተቀመጡበት ሐሳብ እንዲሰጡ፣ ተዋናይዋም ያሉትን ወዲያው እንድትሞክር አድርጉ፤ ከሁለት ሦስት ሙከራ በኋላ አንዷ ራሷ ተነሥታ ትመጣለች። አራት አምስት ሙከራ ይበቃል። ምስክር ይዞ መምጣት፣ ምላሹን በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከሌላ ባለጉዳይ ጋር ተባብሮ መግባት፤ መድረክ ላይ የተሞከረው ሁሉ በደብተር ይጻፍ።

«አዳራሽና መብራት ከሌለ አይሆንም»

ሜዳ ላይ አምስት በአራት ሜትር በገመድ ተከልሎ፣ ከኋላ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ ካለ፣ ለመቶ ሰው ያለ ማይክ ይሰማል። ሕፃናት ፊት ለፊት መሬት ላይ ይቀመጡ፣ አለበለዚያ በትዕይንቱ መሐል ይሮጣሉ። ትርኢቱ ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ተመልካቹ ጀርባውን ለምዕራብ ይስጥ፤ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ከገባ ማንም የተዋናይ ፊት አያይም። ደሴ ላይ ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ተጀምሮ ከ12 በፊት የሚያልቅ ይሁን፤ ሮመዳን ላይ አታድርጉት። ለቀበሌውና ለፖሊስ የሚገባው ደብዳቤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የተዋንያኑን ቁጥርና የአንድ ኃላፊ ሰው ስልክ ይያዝ፤ አንድ ቅጂ ማኅተም ተደርጎበት በአስተባባሪው ኪስ ይቀመጥ።