ከዱር የተነሳ ቦንሳይ በምን ይተከላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከገደል አፋፍ ወይም ከዓለት ስንጥቅ ተነስቶ ለቦንሳይ (ዛፍን በዕቃ ውስጥ አሳጥሮ የማሳደግ ጥበብ) የሚያዝ ዛፍ፣ ጃፓኖች ያማዶሪ የሚሉት፣ በችግኝ ጣቢያ ካደገው የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ግንዱ በብዙ ዓመት የዳበረ ነው፤ ውሃና ማዕድን የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቹ ግን አብዛኞቹ በቁፋሮው ተቆርጠው ቀርተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ሥራ አንድ ነው፦ አዲስ ሥር ማስያዝ። ሥር ደግሞ እርጥበትና አየር በአንድ ቦታ ካላገኘ አያድግም። ብስባሽ የሌለበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከሸክላ ጠጠር የተዘጋጀ ቅይጥ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቅይጥ ከሚነገሩት ውስጥ ግን ዛፍ የሚያስከፍሉ ስህተቶች አሉ።

«የለመደው አፈር ይሻለዋል»

ሜዳ ላይ የተስማማው አፈር ዛፉ በሚተከልበት ሳጥን ውስጥ ያፍነዋል። ሜዳ ላይ ውሃው ወደ ታች የሚሰርግበት ጥልቀት አለ፤ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ሳጥን ግን ወለሉ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቀዳዳ ቢኖርም እንኳ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ከሆነ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ክፍተቱ በጠበበ ቁጥርም ከታች በውሃ ተሞልቶ የሚቀረው ክፍል ቁመቱ ይጨምራል። ይህን በስፖንጅ ማየት ይቻላል። በውሃ የራሰ ስፖንጅ አግድም ይያዙና መንጠባጠቡ እስኪያቆም ይጠብቁ፤ ከዚያ በጠርዙ ያቁሙት። እንደገና ውሃ መውረድ ይጀምራል። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ሳጥን ተለቅ ያለ ቅንጣት የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

«እንግዲያው ነባሩ አፈር በሙሉ ታጥቦ ይውጣ»

ይህም ዛፍ ይገድላል። ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ብዙ ዛፎች፣ በእንቅልፍ ወቅታቸው ከሆነ፣ ሥራቸው ቢታጠብ ይችሉታል። ጥድ፣ ፓይንና መሰሎቻቸው ግን እንዲህ ያለውን አይወዱም። በፓይን ሥር ላይ እንደ ጥጥ የሚታየው ነጭ ነገር ከሥሩ ጋር ተረዳድቶ የሚኖር ፈንገስ ነው፤ ሻጋታ መስሏቸው አጥበው የሚጥሉት አሉ። ለእነዚህ ዛፎች ከሥሩ ጋር ተያይዞ ከመጣው የአፈር ጓል ዙሪያ ልል የሆነውን ብቻ በቀጭን እንጨት አራግፎ መሃሉን መተው ይሻላል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ ዛፉ በርትቶ ሲያድግ፣ የጓሉ አንድ ጎን ይጸዳል፤ ሌላው ጎን በቀጣዩ ዝውውር ይደርሰዋል።

የተረፈው ጓል የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ውሃ ሲጠጣ በዙሪያው ባለው ጠጠር በኩል ፈጥኖ ያልፋል፤ ጥቅጥቅ ያለው መሃል ግን ደርቆ ይቀራል። ከላይ እርጥብ ሆኖ እየታየ ዛፉ የሚጠወልገው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። መፍትሔው ጓሉን በቀጭን እንጨት አለፍ አለፍ እያሉ መብሳትና ግንዱ ሥር በዝግታ፣ አረፍ እያሉ ደጋግሞ ማጠጣት ነው።

«ከታች ጠጠር ከተነጠፈ ውሃው ይወርዳል»

አይወርድም። ውሃ ከጠባብ ክፍተት ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይገባም፤ ስለዚህ በውሃ የተሞላው ክፍል ከጠጠሩ በላይ ይቀመጣል። በ12 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ 3 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ማንጠፍ ለሥሩ 9 ሴንቲ ሜትር መተው ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ ላይ መረብ ማሰር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቅይጥ ይሁን።

«አሸዋም ድንጋይ ነው፤ ምን ለውጥ አለው?»

ለውጡ ሁሉ ያለው ቅንጣቱ መጠን ላይ ነው። አንድ ሊትር 5 ሚሊ ሜትር ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከአንድ ሊትር ደቃቅ አሸዋ ጋር ቢቀላቀል ሁለት ሊትር አይሞላም። የጎደለው አሸዋው የያዘው የአየር ቦታ ነው። በጣም ጥሩ ድንጋይ ገዝቶ በወንፊት ሳይነፋ የሚሞላ ሰው ይህንኑ ስህተት ይሠራል፤ ከከረጢቱ ሥር ያለው ዱቄት ከጊዜ ጋር ወደ ታች ይወርድና ቀዳዳው አጠገብ ጭቃ ሆኖ ይጋገራል።

ሦስት ወንፊት ይበቃል፦ 10፣ 6 እና 3 ሚሊ ሜትር። 6ቱ ላይ የቀረው ለትልልቅ ሳጥኖች ነው፤ ከ6 አልፎ 3ቱ ላይ የቀረው ለአብዛኛው ሥራ ይሆናል፤ ከ3 ያለፈው ከዚህ ቅይጥ ይወጣል። ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ ይነፋ፤ እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ቅንጣቱ ላይ ተጣብቆ ያልፋል። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል። ብናኙ ሳንባ ይጎዳል፤ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ከተቻለም ደጅ መሠራት አለበት።

«አካዳማ ከሌለ አይሆንም»

አካዳማ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ የጃፓን ሸክላማ ጠጠር ነው፤ ውሃና ማዳበሪያ ይይዛል፣ ሥርም በውስጡ በደቂቁ ይከፋፈላል። መልካም ነገር ነው። ነገር ግን በጊዜ ብዛት፣ ይልቁንም ውርጭ ባለበት፣ እየፈረሰ ይደቃል። ሥር ለሌለው ዛፍ ደግሞ ብዙም አያስፈልግም። አዲስ ለተነሳ ዛፍ ንጹህ ፑሚስ ብቻውን ይበቃል፤ ምርጫችንም እሱ ነው። ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ አይፈርስም፣ ትልቅ ሳጥንም ሲሞላ ለመሸከም ቀላል ነው። ዛፉ ሥር ከያዘ በኋላ አካዳማ፣ ፑሚስና ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እኩል በእኩል ይቀላቀላሉ። ዝናብ በሚበዛበት የቀዩ ድንጋይ ድርሻ ይጨምር፤ ደረቅና ሞቃት በሆነበት የአካዳማው። አሲዳማ አፈር ለሚወድ እንደ አዛሊያ ላለ ተክል ካኑማ የሚባለው አሲዳማ የጃፓን ጠጠር ይሻላል።

ፐርላይት (በሙቀት የተነፋ ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ይሠራል፤ ግን ቀላል ስለሆነ ውሃ ሲፈስበት ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከባድ ግንድም አጥብቆ አይዝም። የተቃጠለ ሸክላ ከሆነ አስቀድሞ ይፈተን፦ አንድ እፍኝ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ 24 ሰዓት ይቀመጥና በጣት ይጨመቅ። ጭቃ ከሆነ በደንብ አልተቃጠለም። ምንጩ ያልታወቀ ጠጠር ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ጠብ ይደረግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ አሲዳማ አፈር የሚወዱ ዛፎችን ቅጠል ያስቢጫል።

«ድንጋይ ምግብ የለውም፤ ዛፉ ይራባል»

ድንጋዩ ምግብ የለውም፤ ማዳበሪያውን የሚሰጠው ተንከባካቢው ነው። ትልቁ ጥያቄ መቼ ይሰጥ የሚለው ነው። በተቆረጠ ሥር ላይ የማዳበሪያ ጨው ሲያርፍ ያቃጥላል። ከተተከለ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያ ቅጠል ግንዱ ውስጥ በተከማቸ ስንቅ የሚወጣ ነው፤ ቅጠል አወጣ ማለት ሥር ያዘ ማለት አይደለም። በዚህ ተታለው ማዳበሪያ የሰጡ፣ ቅርንጫፍ ያጎበጡና የቆረጡ ሰዎች ዛፋቸውን በወራት ውስጥ ያጣሉ። አዲሱ ቀንበጥ ረዝሞ ቅጠሉ እስኪጠነክር ይጠበቅ። ከዚያ ፈሳሽ ማዳበሪያ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ቀጥኖ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፤ ፑሚስ ማዕድን አጥብቆ ስለማይዝ ጥቂት ጥቂቱን ደጋግሞ መስጠት ይሻላል።

«ውሃ ቶሎ ስለሚያሳልፍ በሰዓት መጠጣት አለበት»

ሥር የሌለው ዛፍ ጥቂት ነው የሚጠጣው። ፑሚስ ሲርስ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ላዩ ነጥቶ ሳለ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ግን ጥቁር ሆኖ ይገኛል። በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ከሰዓት ይበልጣል። ሲጠጣ ከታች እስኪፈስ ይጠጣ። ላዩ ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ የተከተፈ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚይዝ የረግረግ ሽበት) በስሱ ይነስነስበት።

«ሥሩ እንዲሰፋ ሳጥኑ ሰፊ ይሁን»

ሥር ያልደረሰበት ቅይጥ ውሃውን የሚጠጣለት ስለሌለ ለቀናት ርሶ ይቆያል። በጓሉ ዙሪያ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ይልቅ ዛፉ በሽቦ ከሳጥኑ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ ግንዱ ተይዞ ሲወዘወዝ ሳጥኑም አብሮ መነቃነቅ አለበት። ነፋስ የሚያወዛውዘው ግንድ ፀጉር የሚያህለውን አዲስ ሥር በየቀኑ ይበጥሰዋል።

«ከረጢቱ ላይ ‘ለቦንሳይ’ ይላል»

ጽሑፉን ትቶ መለካት ይቻላል። ከታቹ ቀዳዳ ያለው፣ ከሳጥኑ ጋር ተቀራራቢ ቁመት ያለውና አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይወሰድ። ቀዳዳው በፕላስተር ይታሸግ፣ ቅይጡ እስከ አፉ ይሞላ፣ ውሃ ከላይ እስኪያብለጨልጭ በዝግታ ይፍሰስበት። ጠጠሩ ውስጡ ድረስ እንዲጠጣ አንድ ሰዓት ይቆይና የጎደለው ይሞላ። አሁን ፕላስተሩ ተነስቶ የሚወርደው ውሃ ለ15 ደቂቃ በሌላ ዕቃ ይጠራቀም። የወጣው ውሃ ልክ ሥሩ የሚያገኘው አየር ልክ ነው፦ 250 ሚሊ ሊትር ከወጣ ሩቡ አየር ነው፣ ለተነሳ ዛፍ ይስማማል። ከ200 በታች ከሆነ ቅይጡ ወደ ወንፊቱ ይመለስ፤ ደቃቁ አልወጣም።