ጡት ብቻ ማጥባት ምንድን ነው? ትናንትን የሚጠይቀው መለኪያ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ቤት ገብተናል። እናቲቱ መደብ ላይ ተቀምጣ የሦስት ወር ልጇን ታጠባለች፤ አማቷ ምድጃው አጠገብ ቡና ይቆላሉ። አብሬያት የሄድኳት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ «እንዴት ነው እህቴ፣ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው?» አለቻት።

«አዎ፣ ጡት ብቻ» አለች እናቲቱ ሳታመነታ።

ባለሙያዋ ግን እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችም። ትንሽ ቆየችና ወደ አሮጊቷ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ማታ ማታ ሲያለቅስ በምንድን ነው የምታባብሉት?» አለቻቸው።

«ምን እናድርግ ልጄ፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ጉሮሮው እንዳይደርቅ በማንኪያ ውሃ ጠብ አደርግለታለሁ እንጂ።»

እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አልዋሸም። ለእናቲቱ «ጡት ብቻ» ማለት የላም ወተት አልጀመርንለትም፣ ጡጦ አላስለመድነውም ማለት ነው። ውሃ ከምግብ አይቆጠርም፤ በማንኪያ የተሰጠ ውሃማ ጭራሽ አይታወስም። ለጤና ባለሙያዋ ግን ነገሩ በሙሉ ያለው «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው። በየቀበሌው የሚሰጠው ምክርም፣ አገር አቀፍ ጥናቶች የሚያወጡት ቁጥርም ይህችን ቃል መነሻ ያደርጋል።

ጡት ብቻ ማጥባት ማለት ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ 6 ወር እስኪሞላው ከእናት ወተት በቀር የሚበላም የሚጠጣም አለመቅመሱ ነው። ውሃም ቢሆን። የአብሽ ውሃ፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ፣ አጥሚት፣ ቅቤ፣ የላም ወተት፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ሁሉም ከ«ብቻ» ውጭ ናቸው። ታልቦ በኩባያ የተሰጠ የእናት ወተት ግን ጡት እንደ መጥባት ነው የሚቆጠረው። ሐኪም ያዘዘው ሽሮፕ፣ የቫይታሚን ጠብታ፣ ተቅማጥ ሲይዘው የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም «ብቻ»ን አያፈርሱም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እየበላ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ነው።

አሮጊቷ ስለ ሙቀቱ ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ባሕር ዳር በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ይጠጋል፤ ትልቅ ሰው እንኳ የውሃ ጠርሙሱን ከእጁ አይለይም። ሕፃኑ ይጠማዋል ብሎ መስጋት ርኅራኄ ነው። መልሱ ያለው ወተቱ ውስጥ ነው፤ ከእናት ወተት ከመቶ 87 ያህሉ ውሃ ነው። የሚጠባ ሕፃን እግረ መንገዱን እየጠጣ ነው፣ በሙቀት ቀን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልጥባ ይላል። የማንኪያው ውሃ ግን ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው የሚታወቀው ነው፦ ክረምት ሲገባ ጣና በጎርፍ ይደፈርሳል፣ በየመንደሩ ያለው የጉድጓድና የምንጭ ውሃም እንደዚያው፤ የዚያን ዕድሜ አንጀት ለማወክ ብዙ አይፈልግም።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። ጡት በተጠባ ቁጥር ወተት ይሠራል፤ ሳይጠባ ከዋለ ይቀንሳል። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ጥቂት ውሃ ከገባባት ለወተቱ ቦታ አይተርፍም። ሕፃኑ ሳይጠባ ይተኛል። ጡቱ «አልተፈለግሁም» ብሎ ወተቱን ይቀንሳል። በሳምንቱ እናቲቱ ጡቷ እንደ ድሮው አለማጋቱን ታያለች፣ «ወተቴ አይበቃውም» ትላለች፤ ያኔ የላም ወተት ይገዛል። ወተቷ አንሶ ውሃ አልተሰጠም፤ ውሃ ተሰጥቶ ወተቷ አነሰ። ከውጭ ሲታይ ግን «የሷ ወተት ቀድሞም ደካማ ነበር» ይባላል፣ ጥፋቱም በእሷ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ነው ድጋፍ የሚባለው ነገር ከምክር የሚለየው። ባለሙያዋ ስለ ውሃው ምንም አልተናገረችም። መጀመሪያ ወደ መደቡ ጠጋ ብላ የአጠባቡን ሁኔታ አየች። ሕፃኑ የያዘው የጡቱን ጫፍ ብቻ ነበር፤ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ጉንጩ በጠባ ቁጥር ይሰረጉዳል፣ እናቲቱም ፊቷን ታኮሳትራለች። «ያምሻል አይደል?» አለቻት። ከዚያ በትንሿ ጣቷ ቀስ ብላ አላቀቀችው፣ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ጋር አገጣጥማ አስተኛችው፣ ከንፈሩን በጡቱ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ አፉን ሰፋ አድርጎ እስኪከፍት ጠበቀችና አስያዘችው። አሁን አገጩ ጡቱን ነክቷል፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ ተገልብጧል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ከላይ በኩል የሚታየው ከታቹ ይበልጣል። ትንሽ ቆይቶ የመዋጡ ድምፅ ተሰማ። አሮጊቷ የቡናውን ምጣድ አውርደው መጥተው አዩ፤ «እህ፣ አሁንማ ይጎርሳል» አሉ። ስለ ውሃው የተነሣው ከዚህ በኋላ ነበር፣ ለመስማትም የተመቸ ጊዜ ሆነ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። «በኢትዮጵያ ከ100 ሕፃናት 59ኙ ጡት ብቻ ይጠባሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ምንጩ እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2005 ቁጥሩ 49፣ በ2011 52፣ በ2016 ደግሞ 58 ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ከመቶ እናቶች 59ኙ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ አጥብተዋል ብሎ ይረዳል። እንደዚያ ማለት ግን አይደለም።

መለኪያው የሚጠይቀው ስለ ትናንት ብቻ ነው። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ያላት እናት ትመረጥና ትናንት ቀንና ሌሊት ልጇ ምን ምን እንደቀመሰ አንድ በአንድ ትጠየቃለች፦ ውሃ? የላም ወተት? አጥሚት? ለሁሉም «አልሰጠሁትም» ካለችና ጡት ከጠባ ሕፃኑ ከ«ብቻ» ወገን ይቆጠራል። ከትናንት ወዲያ ቅቤ ቢልስም፣ ነገ የላም ወተት ቢጀምርም አይታይም። እንዲህ የተደረገው በምክንያት ነው፤ ትናንትን ማንም ያስታውሳል፣ የ6 ወር ታሪክ ግን ይደበዝዛል። ስለዚህ ቁጥሩ የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ነው፤ በፎቶው ውስጥ የ10 ቀን አራስም፣ ሊቀመጥ የደረሰ የ5 ወር ሕፃንም አብረው ቆመዋል።

በዕድሜ ከፋፍላችሁ ስታዩት ሥዕሉ ይለወጣል። በ2016ቱ ጥናት ከ2 ወር በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 74ቱ ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። 2 እና 3 ወር ላይ ወደ 64 ወረደ፤ 4 እና 5 ወር ላይ 36 ብቻ ቀረ። እኔ ጋዜጣ ላይ ጎላ ብሎ ቢጻፍ የምወደው ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2012 ያስቀመጠው ግብ በ2025 ቢያንስ 50 በመቶ መድረስ ነበር፤ በአማካዩ ካየነው ያንን አልፈናል። አማካዩ ግን አራተኛው ወር ላይ የሚሆነውን ይሸፍናል።

ክርስትናን በተመለከተ የሚነሣ ጥያቄ አለ፣ ብዙ እናቶች በልባቸው ይዘውት የሚቀሩት። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፣ ሕፃኑም ይቆርባል። በመለኪያው ጥብቅ ትርጉም በሥርዓተ እምነት የሚሰጥ ፈሳሽ የቀመሰ ሕፃን ለዚያች ቀን «በአመዛኙ ጡት የሚጠባ» በሚባለው ክፍል ይመደባል። ጥያቄው ስለ ትናንት ስለሆነ ግን በማግሥቱ ተመልሶ ከ«ብቻ» ጋር ይቆማል። በሕይወት አንድ ቀን የሚሆነውና ማታ ማታ በማንኪያ የሚሰጠው ውሃ አንድ አይደሉም። በጥምቀቱ ላይ ከቤተሰብ ጋር ሙግት የሚገጥም ባለሙያ አላየሁም፤ ልክም ናቸው።

ታዲያ አራተኛው ወር ላይ ምን አለ? አንዱ መልስ ሕጉ ውስጥ ተጽፏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። 6 ወር ማለት 180 ቀን ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በባንክ መስኮት፣ በሆቴል ማዕድ ቤት፣ በትምህርት ቤት የምትሠራ እናት ግማሹን መንገድ ሄዳ ሥራ ትገባለች ማለት ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ሩዙ በነሐሴ ሲታረም ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ይቀራል፣ እናቱ አጋታ ትመለሳለች። ለእነዚህ ሴቶች «ጡት ብቻ አጥቢ» እያሉ መድገም ብቻውን የሚያሳዝን ነው። የሚያስፈልገው በመሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ፣ በእጅ ማለብን የሚያሳይ ሰው፣ አያቲቱም በኩባያ ማጠጣት እንድትችል ማለማመድ ነው። የታለበ ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ከታለበ ጀምሮ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በሙቀት ወር ከዚያ ያጥራል። ጡጦ ለማጽዳት ስለሚያስቸግር ኩባያ ይሻላል።

ልማታዊ ሴፍቲኔት (ለችግረኛ ቤተሰቦች በጉልበት ሥራ ምትክ ክፍያ የሚሰጠው መርሐ ግብር) ባለባቸው ወረዳዎች ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራው ወጥተው ክፍያቸውን እንዲያገኙ የሚያደርገው አሠራር ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ለዚህ ነው፤ ለእናት ምክር ሳይሆን ጊዜ ይሰጣል።

የቀረው የክትትል መንገድ ቀላል ነው። ባለሙያዋ በቤተሰብ ፎልደሩ ትመዘግባለች፣ ከጤና ኬላው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በየወሩ ሕፃኑ ይመዘንና ክብደቱ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ በነጥብ ይሰፍራል። እናቶች ወተታቸው ስለመብቃቱ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ይህን መሥመር ቢያምኑ ደስ ይለኛል። መሥመሩ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ ሕፃኑም በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሽንቱን ከሸና ወተቱ በቅቶታል። መሥመሩ ሲተኛ ነው ባለሙያ መጥራት።

ነገሩ በአማራ ክልል ለምን እንደሚከብድ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2016 ከ5 ዓመት በታች ካሉት የክልሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 41 ወርዷል። ከ2 ዓመት በታች ያለውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት የታለመው የ2015ቱ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ክልል ከተማ ነው። መቀንጨርን ጡት ብቻውን አያቆመውም፤ የእናቲቱ ሆድም አለ። አጥቢ እናት በቀን ከወትሮው 2 ጊዜ ጨምራ እንድትመገብ ነው የሚመከረው፣ ስንት ቤት ግን እሷ የምትበላው ሁሉም ከበላ በኋላ ነው።

መልካሙ ዜና ልማድ የሚለወጥ መሆኑ ነው። እንገር፣ ያ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት፣ ድሮ ታልቦ ይደፋ ነበር፤ ሕፃኑም በቅቤ ይሟሽ ነበር። በ2011 ከመቶ 27 አራሶች ከጡት በፊት ሌላ ነገር ይቀምሱ ነበር፤ በ2016 ወደ 8 ወረደ። በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት በተመሳሳይ ጊዜ ከ52 ወደ 73 ወጡ። ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች መብዛት ለዚህ ድርሻ አላቸው።

ከቡናው በኋላ ባለሙያዋ መዝገቡ ላይ የዚያን ዕለቱን እውነት ጻፈች፤ ትናንት ውሃ ቀምሷልና «ጡት ብቻ» በሚለው ቦታ ምልክት አላደረገችም። እናቲቱ አየቻትና ደነገጠች። «አይዞሽ፣ ይሄ የትናንቱ ነው» አለቻት። ከዚያ ካርዱን ገልብጣ ልደቱን አየች፣ ጥቅምት 12። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ጳጉሜን ካልገባበት ስሌቱ ጣት አያስቆጥርም፤ ከጥር 12 በኋላ ሦስት ወር ነው የቀረው። በካርዱ ራስጌ «ሚያዝያ 12፣ ገንፎ ይጀምራል» ብላ ጻፈችና ለእናቲቱ ሳይሆን ለአያቲቱ ሰጠች። አሮጊቷ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ምሰሶው ላይ ካለው ሥዕል ጀርባም ሰኩት። «እስከዚያ ውሃው የለም ማለት ነው?» አሉ።

«እስከዚያ የለም፣ እማማ። ማታ ሲያለቅስ ለእሷ ያቀብሉልኝ።»